የእምዬ ሁለት ፋሲካ

ኢስትሊ፣ ናይሮቢ
መጋቢት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣ ለበርሊኗ ሐኪም ለሩሐማ፤

ገና ተማሪ እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ሹመቱ ከእኔ ነው። እንደምን አለሽ? ብርዱ አፍንጫሽን እስካሁን አልወሰደውም? እኛ ደህና ነን። በስልክ ያላወራሁሽ የቅድመ አያታችን የእምዬ ጆሮ ግድግዳ ስለሚያልፍ ነው። ዓይኗ ደከመ እንጂ ጆሮዋ ገና ኮረዳ ነው። ፊደል ብገድፍ ከአሥረኛ ክፍል፣ ከፎርም ቱ ያባረረኝን ትምህርት ቤት ውቀሺ።

አንቺ እዚያ ማዶ ሆነሽ "ወተት ትጠጣ" እያልሽ ታዣለሽ። ሑዳዴ መሆኑን ረሳሽው እንዴ? እምዬ ጾሙ ከገባ ወዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አትቀምስም። ከአልጋ ላነሳት ክንዷን ስይዝ እጅጌዋን ብቻ የያዝኩ መሰለኝ። እማዬ ለምና ሲያቅታት አባ ብርሃነመስቀል ቤት ድረስ መጥተው ለደካማ ሰው ይፈቀዳል ብለው ጾሙን ፈቱላት። እምዬ መስቀላቸውን ሳመች፣ አመሰገነች፣ ወተቱን ለእኔ አቀበለችኝ። ወተቱ የት እንደደረሰ አትጠይቂኝ።

ባለፈው እሑድ የኬንያውያኑ ፋሲካ ሆነ። ዘንድሮ ከእኛው አምስት ሳምንት ይቀድማል። የጎረቤቱ ቸርች ገና ሳይነጋ ከበሮውን ሲደልቅ ሐሳብ መጣልኝ። ጋቢዬን ለብሼ፣ ከስልኬ የዶሮ ጩኸት ከፍቼ ገባሁና "እምዬ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ" አልኳት።

ከበሮውን አዳመጠች። ዘንድሮስ ቶሎ ደረሰ አለችኝ። ሰው ሲያረጅ ቀኑ ይሮጣል አልኳት፤ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። የወተቱን ብርጭቆ ጭልጥ አደረገችው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ ስለዚህ ረቡዕም ወተት ሆነ። እማዬ ገሃነም ትገባለህ ትለኛለች፤ ወተቱን የምታፈላው ግን እሷው ናት።

ዛሬ ዓርብ ጠዋት ብርጭቆውን ስቀበላት እጄን ያዘችኝ።

"ሚናስ፣ የኛ ፋሲካ ሲደርስ ምን ልትለኝ አስበሃል?"

በሌላው እጄ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

"አውቀሽ ነው የጠጣሽው?"

"የሆሣዕናን ቀለበት እንኳ በጣቴ ሳታስርልኝ ፋሲካ ታመጣብኛለህ፣ አንተ ደንቆሮ?"

"ታዲያ ለምን ጠጣሽ?"

"አባ ሲፈቱልኝ አሮጊት ሆንኩ። አንተ ስታሞኘኝ ልጅ ሆንኩ። ልጅ ደግሞ አይጾምም።"

ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ለእውነተኛው ካለሁ ቀስቅሰኝ። እንዳልሰማ ሰው ሆኜ እደሰታለሁ" አለችኝ።

ሄጄ ብርጭቆውን አጠብኩት፤ ደግሜም አጠብኩት።

ሩሐማ፣ በሐምሌ እመጣለሁ ብለሽ ነበር። በሐምሌ እዚህም ይበርዳል፣ አንቺ ደግሞ ብርድ ጠግበሻል። ፋሲካችን ሚያዝያ 27 ነው። ዝናብ ቢሆንም ጃንጥላ ይዤ ኤርፖርት እጠብቅሻለሁ፤ ሚኒባሱ ማታቱ ውስጥም መስኮቱን ለአንቺ እለቃለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። የዶሮው ስልክ ባትሪው ስለደከመ እውነተኛ ዶሮ ላስጮህ ነው፤ ለብቻዬ ደግሞ አልይዘውም።

እምዬ "መንገዷን ያቅናላት፣ እግሯን ከእንቅፋት ይሰውርልኝ" ብላሻለች። እኔ የምመርቅሽ ስትመጪ ነው።

የዕለቱ ዕለት ሁለታችን ሆነን እንቀሰቅሳት።

ወንድምሽ
ሚናስ