ለፋሲካ የተገዛው ሥጋ

ዓርብ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1998፣ ማታ 1 ሰዓት

ጉልበቴ አልቋል። ቀኑን ሙሉ ስግደት። ባለቤቴ ጌታቸው ግን በ9 ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ወጣ፤ ጄኔሬተር የሚያውሰን ሰው ልፈልግ ብሎ። አላገኘም። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ዛሬ ጠዋት ያመጣው የበሬ ታፋ ፍሪጅ ውስጥ ነው። እሑድ እዚህ ሰው አገር የከፈትነው ምግብ ቤት ይሞላል፤ ግማሹ ሰው ጥሬ ሥጋ አዟል። እግዜር መብራቱን ያምጣልን።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ጌ. ታሟል። ከንጋት ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ላቡ ይንቆረቆራል። ስግደቱ ነው እላለሁ፤ ባዶ ሆድ፣ ያ ሁሉ ፀሐይ። ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ፣ መቀመጥ አይችልም። መኪና ጠርቻለሁ። ወደ ንሳምብያ ሆስፒታል።

ቅዳሜ፣ 8 ሰዓት

ግሉኮስ ተሰክቶለታል። ወባ የለበትም። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። ከትናንት ጀምሮ ምን በላ ብላ ጠየቀች። እኔው መለስኩለት፤ ጾም ነው፣ ከሽሮ በቀር ምንም። እሱ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ወዲያው ናካቶ ደወለች፣ ወጥ ቤት የምትሠራልን። ሥጋውን ትበልተው ወይ? ጀምሪ አልኳት። ጌ. ክንዴን ጨበጠኝ።

«እንዳትነካው በያት» አለ። ድምፁ አይወጣም።

«ለምን?»

«ትናንት ከሱ በልቻለሁ። ጥሬውን።»

በስቅለት! ላልቅስ ልሳቅ አላውቅም። ስልኩ ላይ ጮህኩ፤ ናካቶ፣ ተይው!

ቅዳሜ፣ 12 ሰዓት

ቤት ተመልሼ ሥጋውን አሸተትኩት። ምንም። ቀይ፣ የሚያምር። ናካቶን አሳዘናት፤ በደንብ ቀቅለን እንሽጠው አለች። እውነቱን ልንገርሽ ማስታወሻዬ፣ ልቤ አመነታ። ግን ሐኪሟ ነግራኛለች። የሚያሳምመው ጀርም አይሸትም። ሙቀት ውስጥ ከዋለ ደግሞ እሳት የማያጠፋው መርዝ ትቶ ሊሄድ ይችላል። መብራት የሌለው ፍሪጅ ቁም ሣጥን ነው አለችኝ።

ውሻ እንዳያወጣው ጓሮ ጥልቅ አስቆፍሬ ቀበርኩት። ጌ. የቆረጠበትን መክተፊያና ቢላ በፈላ ውሃና በበረኪና አጠብን። ናካቶ ጠዋት እዚያው ላይ ቲማቲም ከትፋ ነበር፤ ቲማቲሙም ተደፋ። አሁን ዶሮ ልትገዛ ሄዳለች፤ በሕይወት ያለ።

እሑድ፣ ፋሲካ፣ ማታ

ደንበኞቹ መጡ። አጉረመረሙ። ፋሲካ ያለ ጥሬ ሥጋ? መብራት ጠፍቶ ሥጋው ተበላሸ አልኳቸው፤ የጌ.ን ጾም አላነሣሁም። ዶሮው እየፈላ ወጣ። ድስቱን ጠርገውት ሄዱ። ቢሆንም አላስቻለኝም፤ አሁን ደወልኩላቸው። ሁሉም ደኅና። አንዱ እንዲያውም የተረፈ ካለ ብሎ ጠየቀኝ።

እፎይ! ክርስቶስ ተነሣ፤ ጌታቸውም ሊነሣ ነው።

ሰኞ፣ ከሰዓት

ትኩሳቱ ወርዷል። አጥሚት ጠጣ፣ ረጋለት። የመጀመሪያ ጥያቄው፦ ለመምሬ ነግረሻቸዋል? አልነገርኩም አልኩት፤ ራስህ ትናዘዛለህ። አፍሬ ዝም ብል ኖሮ ያ ሁሉ ሰው… አለ። አልጨረሰውም። ልቆጣው አስቤ ነበር የመጣሁት። እግሩን ይዤ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ፣ ምሽት

ቤት ገብቷል። ሱሪው በቀበቶ ነው የቆመው። ይተኛ ብዬ ጓዳ አስገባሁት።

አንድ ደንበኛ ከናጉሩ ሰፈር መጣ፤ ጥሬ ክትፎ። የለም፣ የበሰለ ነው አልኩ። ሳቀብኝ፤ እናንተ ደግሞ ፈረንጅ ሆናችሁ አለ። ይኼኔ ጌ. ግድግዳ ይዞ ከጓዳ ወጣ። ከስቶ፣ ጢሙን ሳይላጭ።

«ወንድሜ፣ እኔን እየኝ» አለው።

ሰውየው አየው። የበሰለውን አዘዘ።

ከእንግዲህ ሥጋ የሚገዛው በሚበስልበት ዕለት ነው፤ ጥሬ ከዚህ ቤት አይወጣም። ይህን ያለው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። እኔ ጻፍኩት ብቻ።