የዱዌይን ስም

ይድረስ ለወንድሜ ለሮላንድ፤

የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ደረጃ ያስወጣሃል? ባለቤትህን አርዲትን ያ ሳል ለቀቃት? እኔ የደም ግፊቴን በኪኒን እያባበልኩ አለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ባለፈው ቅዳሜ ስለሆነው ነገር ነው።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሐይቁ ዳር የሠራነውን ያን የደም ፊልም መቼም አትረሳውም። የከተማችን ሲኒማ ቤት የፊልሙን አርባ አምስተኛ ዓመት ለማክበር ከሰዓት በኋላ አሳየው። «ፊልሙ ላይ ከተገደሉት ውስጥ እዚህ አገር ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ» ብለው ጠሩኝ። የልጄን ልጅ ዊላን ይዤ ሄድኩ።

ባለ ጭምብሉ መጀመሪያ የጀልባ ጠባቂውን አናት በመጥረቢያ ፈለጠው። ቀጥሎ አንዷን ልጅ ድንኳኗ ውስጥ እንደተኛች በጦር ከመሬት ጋር ሰፋት። ድሮ ሰው ያስጮህ የነበረው ደም አሁን የቲማቲም ድልህ ነው የሚመስለው፤ ወጣቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ተራዬ ደረሰ። ፀጉሬን ጨምድዶ በጠጠሩ ላይ ጎተተኝ፤ ግንባሬን ከግንድ ጋር አላተመው፤ ቢላዋውን ትከሻዬ ላይ ሰካው። ፊልሙ ላይ ጮኽኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ዊላ ክንዴን ይዛ፣ «አያቴ፣ ‹ዱዌይን ተው! ዱዌይን!› እያልሽ እኮ ነው! እዚህ ፊልም ውስጥ ዱዌይን የሚባል የለም» አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ጩኸቴን ሲያደንቅ፣ ስሙን የሰማው አንድም አልነበረም።

ጭምብሉን ያጠለቀው ዱዌይን ራሱ ተጋብዞ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ መድረክ ላይ አወጡትና ያ ጩኸት እንዴት እንደተገኘ ጠየቁት። እየሳቀ፣ «ዳይሬክተሩ የላስቲኩን ቢላዋ በእውነተኛው ቀየረው። ‹እንዳትነግራት፣ ጫር አድርጋት› አለኝ። ጫር አደረግኋት!» አለ።

በስህተት ነው የተቀየረው ብለውን አልነበር? እንዴት መድረኩ ላይ እንደወጣሁ አላውቅም። ኮሌታዬን ገልጬ ጠባሳውን አሳየሁትና፣ «አሥራ አንድ ስፌት ነው ዱዌይን! ይሄ ነው ጫር ማድረግ?» አልኩት።

«ልጅ ነበርኩ ኮሪን፤ እንዳያባርረኝ ፈርቼ ነው» አለ።

«እኔስ አልፈራሁም? በስምህ ጠርቼ ለመንኩህ እኮ!» አልኩና በጥፊ አጮልኩት። መነጽሩ ተፈናጥሮ ወደቀ፤ ከንፈሩ ደማ። ሮላንድ፣ ሰው የዝግጅቱ አካል መስሎት አጨበጨበ! እሱ ግን ደሙን በእጁ እየጠረገ ማይክሮፎኑን አነሣና፣ «አታጨብጭቡ። ይገባኛል» አላቸው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የምጠይቅህ ፍቅሬ ቀንሶ አይደለም። ያን በጋ የፊልሙ ዕቃ ጠባቂ አንተ ነበርክ፤ የቢላዋዎቹ ሣጥን ቁልፍም ባንተ እጅ ነበር። ሐኪም ቤት መጥተህ፣ «አታካብጂው፣ ነገ ወደ ቀረጻው ተመለሺ» ያልከኝም አንተ ነህ። ሣጥኑን ለዳይሬክተሩ የከፈትክለት አንተ ነህ? ከሆንክ ጻፍልኝ፤ በስልክ ልሰማው አልችልም። ካልሆንክ ግን ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ደውልልኝ።

አርዲትን ሳምልኝ፤ ማር በሎሚ ትጠጣ በላት። ለልጅህ ለቴስና ለባሏ፣ ለመንትዮቹም ሰላምታዬን አድርስ። ዊላም ሰላም ብላሃለች፤ ይህን መጠየቄን ግን አታውቅም።

እህትህ ኮሪን
ሃርሎ ክሪክ፣ ፔንስልቬንያ
ኦክቶበር 21 ቀን 2024