እንግሊዝኛዋ በመሻሻሉ ስለ ተከሰሰችው ተማሪዬ

ለተከበሩ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ዲን፤

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቅርቡ የተቀየረው የቢሮዎ ምንጣፍም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከየአገሩ ለሚመጡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የጥናታዊ ጽሑፍ አጻጻፍ የማስተምር መምህር ነኝ። ምስጋናዬ ስለ በዛ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

፩ኛ፦ ክፍሌን ከጄኔሬተሩ አጠገብ ስላደረጉልኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ድምፄ ስለማይሰማ፣ ተማሪዎቼ የእኔን ወሬ ትተው መጻፍ ብቻ ሆኗል ሥራቸው። ይህ የማስተማር ዘዴ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አልመጣልኝም ነበር።

፪ኛ፦ ስለ እንስሳት ሐኪሟ። ባሏንና ልጆቿን አገሯ ትታ የመጣችው ይህች ተማሪዬ፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ከጀመረች ገጹ እስኪያልቅ አታቆምም ነበር። «መምህር፣ በእኛ ቋንቋ ቶሎ ነጥብ ማድረግ እኮ እንግዳ ፊት በር እንደ መዝጋት ነው» ትለኝ ነበር። ጻፈች፤ ሰረዝኩ፤ አኮረፈች፤ ደግማ ጻፈች። ዓመቱ ሲያልቅ ስለ ላሞች የጡት በሽታ ያዘጋጀችው ምዕራፍ ኩልል ብሎ ወጣ።

ይኼኔ ቢሮዎ ደረሰልን። የተማሪ ጽሑፍ በማን እንደ ተጻፈ የሚመረምረው አዲሱ የኮምፒውተር ፕሮግራምዎ ይህን የመሰለ እንግሊዝኛ የእሷ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ፤ እርስዎም በማጭበርበር ከሰሷት። በማስተማር ሥራዬ ይህን ያህል ተደንቄ ስለማላውቅ እጅ እነሣለሁ።

፫ኛ፦ ክሱን ስለ መረመረው ኮሚቴ። በመባረር አፋፍ ላይ ሳለች በፕሮፌሰሮች ፊት ወረቀት ተሰጥቷት «እስቲ እዚሁ ጻፊ» ተባለች። እኔም በበሩ መስታወት አያት ነበር። ጻፈች። ሰብሳቢው አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው «የራሷ ነው» አሉ፤ ክሱም ተነሣ። ይቅርታ የጠየቃት ግን የለም። ይልቁንስ እርስዎ ኮሪደር ላይ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «ለወደፊቱ እንዳትጠረጠሪ ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ጻፊ» ብለው መከሯት። ለዚህ አባታዊ ምክር ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም። በማግስቱ ክፍል መጥታ ቀጣዩን ምዕራፍ ከፈተችና አንድም ቃል ሳትጽፍ ወጣች።

በማሻሻል ወንጀል ግብረ አበሯ የሆንኩት፣
ሁልጊዜም አክባሪዎ፣
የጽሑፍ መምህሩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በምክርዎ መሠረት አበላሽቶ መጻፍን ላስተምራት ብሞክር ችሎታው የለኝም። ከቢሮዎ የሚወጡትን ደብዳቤዎች የሚያረቅቁትን ባለሙያ ለአንድ ወር በውሰት ቢልኩልን፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠረጥራትም።