ከለቅሶህ ያባረርኩት ሰው

አባዬ፣

ከተለየኸን ስድስት ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀረው። ለመንፈቅህ ሽር ጉድ እያልን ነው። ተረጋግቼ ልጽፍልህ ነበር ያሰብኩት፤ ትናንት የሰማሁት ነገር ግን አላስቀምጥ አለኝ።

የቤቱን ላስቀድምልህ። እማዬ ደህና ናት። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙራ አንተ በምትተኛበት በኩል መተኛት ጀምራለች። ከፊታችን የነበሩት ቤቶች ፈርሰው ግቢያችን ፀሐይ በፀሐይ ሆኗል። ያንተን የቡድናችንን ማሊያ ለማንም አልሰጠንም።

ባለ ክርኑን መቼም አትረሳውም፤ ያ የአምበላችንን ጥርስ በክርኑ ያወለቀው የተጋጣሚያችን ረጅም ተጫዋች። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ቅርጫት ኳስ ልታሳየኝ መውሰድ ከጀመርክ ወዲህ፣ እሱ ኳስ በነካ ቁጥር ብድግ ትል ነበር። ሌባ ትለዋለህ፣ ክርንህን ለቄራ ሽጠው ትለዋለህ፣ አዳራሹ በሳቅ ያውካካል። አንተ ሲደክምህ እኔ እቀበልሃለሁ። አንተ ስለጠላኸው ጠላሁት፣ ያውም ከልቤ።

ታዲያ በሰልስትህ ያ ሰው ጎንበስ ብሎ ድንኳናችን ውስጥ ሲገባ ደሜ ፈላ። በሞትህ ሊሳለቅ የመጣ መሰለኝ። የእድሩ ሰዎች እያዩ ውጣልኝ ብዬ ጮህኩበት። ከለቅሶ ቤት ሰው ሲባረር አይተህ ታውቃለህ? እኔ አባረርኩ። ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። እማዬ በሃፍረት አንገቷን ደፋች፤ እኔ ግን ለአንተ የቆምኩ መስሎኝ ኮራሁ።

ትናንት ፒያሳ፣ አንተ የምታዘወትራት ማኪያቶ ቤት ጎራ አልኩ። ባለቤቷ እትዬ አልማዝ ልጅህ መሆኔን ሲያውቁ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። ለካ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየጨዋታው ማግስት፣ ከባለ ክርኑ ጋር ባንኮኒው ላይ ተደግፋችሁ ስትሳሳቁ ታረፍዱ ነበር! ለካ ስድቡን አንድ በአንድ ትደግምለት ነበር! አንተ ያልሰደብከው ቀን ጨዋታው አይጥመውም አሉ። ማኪያቶዬ ሳልቀምሰው ቀዘቀዘ።

ለምን ደበቅከኝ አባዬ? ተናድጄብሃለሁ። ያንተ ጨዋታ ነበር፣ የኔ የምር። ጎኔ ተቀምጠህ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ስጮህ እያየህ እንዴት አስቻለህ?

ያባረርኩት ዕለት ከድንኳኑ በቀጥታ ወደ እትዬ አልማዝ ዘንድ ሄዶ ነበር። አልተማረረብኝም አሉ። እውነተኛዋ ደጋፊ እሷ ናት፣ እኔና አባቷ እንጫወት ነበር ብሏቸው ወጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ተስፋዬ እንደሚባል እንኳ ያወቅሁት ትናንት ነው።

እንደማልረሳህ ቃሌ ነው። ግን የማስታውሰው ግማሽህን ብቻ ነው፤ ቀሪው እሱ ዘንድ አለ። ቤቱን እትዬ አልማዝ ጠቁመውኛል፤ ነገ አምስት ኪሎ ድረስ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፤ ለመንፈቅህ መጥቶ ከእማዬ አጠገብ እንዲቀመጥ እለምነዋለሁ። በሩን ቢዘጋብኝ አልፈርድበትም፤ ቀድሜ የዘጋሁበት እኔ ነኝ።

ልጅህ ማህሌት