የይለፍ ቃሉን በስልክ

ውድ ሀቢባ፣

ትናንት ቦሌ ወዳለው ባንካችሁ መጥቼ ነበር። በድምፅ ብቻ ለዓመታት ተዋውቀን፣ ቢሮሽን ያየሁት ገና ትናንት ነው። ወንበርሽ ላይ ሣባ የምትባል ልጅ ተቀምጣለች።

ድሮ የፋብሪካችንን የደመወዝ ፋይል ከቦሌ ለሚ ቆልፌ በኢሜይል እልክልሽ ነበር። ፋይሉና የይለፍ ቃሉ በአንድ መንገድ አይሄዱምና ቃሉን በስልክ እነግርሻለሁ። ቃሉ ሁልጊዜ የዕለቱ ምሳዬ ነው።

«ዛሬስ?»

«ሽሮ።»

«አሁንም ሽሮ? ኧረ አግባ አንተ ሰውዬ! ሌባው ራሱ ለምዶታል።»

በረመዳን «ክትፎ» ስልሽ ደግሞ «ጉቱ፣ አላህ ይይልህ! ኢፍጣር ገና ነው» ብለሽ እየሳቅሽ ከፈትሽው።

ከዚያ አዲሱ ሲስተም መጣ። የእኛ የሒሳብ ፕሮግራም ከእናንተ ጋር በቀጥታ ተገናኘ። ፋይሉ እዚህ ራሱን ይቆልፋል፣ እዚያ ራሱ ይከፈታል። «እንግዲህ ምሳህን ማን ይጠይቅሃል?» አልሽኝ በመጨረሻው ቀን። «እደውላለሁ» አልኩሽ። ግን ያለ ሥራ ጉዳይ ለሴት መደወል አላውቅበትም።

ደግሞም የጠፋሽ አልመሰለኝም። ፋይሉ በደረሰ ቁጥር «ተቀብያለሁ፤ ሀቢባ» የሚል መልእክት ይመጣል። አለች ብዬ ኮምፒውተሬን እዘጋለሁ። አንድ ሁለቴ «ሽሮ ነው» ብዬ መልሼልሻለሁ። ዝም ስትዪ ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ።

ትናንት የመጣሁት የሲስተሙ ቁልፍ ጊዜው አልፎ ላሳድስ ነው። ለነገሩ አንቺንም ላይ ብዬ ኮት ለብሻለሁ።

«ሀቢባ የለችም?» አልኳት ሣባን።

ቀና ብላ አየችኝ። «አልሰሙም እንዴ ጋሼ? አምና እኮ ነው ያረፈችው። ኩላሊቷን ታማ።»

«በየወሩ ትመልስልኛለች እኮ።»

«እሱማ ማሽኑ ነው። ስሟን ሳናወጣው ቀርተን ነው፤ ይቅርታ። ዛሬ እንቀይረዋለን፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ፈረምኩ። ሠራተኛው ደመወዙን ይጠብቃል።

ዛሬ ፋይሉን ላክሁ። «ተቀብያለሁ፤ ሣባ» አለኝ። ስልኬን አንስቼ ቁጥርሽን አየሁት፣ መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

አላህ ይማርሽ፣ ሀቢባ። ምሳዬ ምስር ነበር። አላገባሁም።

ጉቱ