ሕዋሱን «እሷ» ያልኩ ቀን

ሰኞ፣ የካቲት 11

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጠመኔው እንደ ልማዱ ያስለኛል። እናትሽ የእሷን ነገር «ደህና ነች ብለህ እለፈው» ብላኛለች። ትእዛዟን ጥሼ አላውቅም ብል አንቺም ትስቂብኛለሽ፤ ዛሬም እጥሳለሁ።

ጠዋት ስምንተኛ ክፍሎችን ስለ ሕዋስ ምግብ አስተማርኩ። አንቺም ከእኔው የተማርሽው ነው፤ ሕዋስ መጀመሪያ ስኳሩን ያነዳል፣ ስኳሩ ሲያልቅ የተጠራቀመውን ስብ። ፕሮቲን ግን ለማገዶ የተቀመጠ አይደለም፤ ጡንቻውም ልቡም የተሠራው በእሱ ስለሆነ ገንቢ እንለዋለን። በየዓመቱ እዚህ ስደርስ «ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ሕዋስ ገንቢውንም ያነዳል፤ የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ እሳት እንደሚሞቅ ሰው» እላለሁ። ዛሬ አፌ ከዳኝና «ስቧ ሲያልቅ ገንቢዋን ታነዳለች» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አንዷ «ቲቸር፣ ሕዋሱ ሴት ሆነ እንዴ?» አለች። አብሬያቸው ሳቅሁና ሰሌዳ የማጠፋ መስዬ ዞርኩ።

ልጄ፣ ፍርጥ አድርጌ ልንገርሽ። የእናትሽ የጉሮሮ እባጭ እህል አላሳልፍ ካለ ወር አልፎታል፤ ውሃም በማንኪያ ነው። ሐኪሙ «ቀዶ ጥገናውን አትችለውም፣ ቤቷ ትሁን» ብሎ ሸኘን። ጎረቤቶች እንቁላል ይዘው እየመጡ «ገንቢ ነው፣ ትንሽ ቅመሺልን» ይሏታል። አመስግና ትቀበልና ሲወጡ ሳህኑን ወደ እኔ ትገፋዋለች። ትናንት ላስነሳት ክንዷን ስይዝ ጣቶቼ ዙሪያውን ዞረው ተገናኙ። የሚነደው ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩትን ትምህርት ጠላሁት።

«ፈተናዋን እስክትጨርስ አትንገራት» እያለች ነው የያዘችኝ። ፈተና ይደገማል፣ ልጄ። አሁን ታወራለች፣ ድምፅሽንም ትለያለች፤ ለነገ ግን ዋስ አልሆንም። ነይ።

መንገድሽን አምላክ ያቅናልሽ፤ ሳይመሽብን በሰላም ያገናኘን።

አባትሽ

ይህን ስጨርስ እናትሽ ከአልጋዋ ሆና «ምን አልካት?» አለችኝ። «ደህና ነች አልኩ» አልኳት። «ወፍራለች ብለህ ጨምርበት፤ አለዚያ ትጠረጥራለች» አለች። ብዕሬን አነሳሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ተወው» አለች፤ «ከስታለች በላት።»