የአባባ ብዙአየሁ ምርቃትና የእኔ ጥድፊያ

ውድ የኔአለም፣

የሪያድ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ እዚህ መካነ ሰላም በጋቢ ተጠቅልለናል። ደብዳቤ መጻፌ አያስቅሽ፤ ይህንን ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቴም ስለ ዝናብ አውርቼ ዘግቻለሁ።

የሠርግሽ ቪዲዮ አያትሽ አባባ ብዙአየሁ ሊመርቁሽ ሲነሱ የሚቆረጠው በቀረጸው በሙሐሲን ካሜራ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጥር ነበር፣ በአንድ ሳምንት የማቀናብረው የአራት ሠርግ ቪዲዮ ተደርቦብኛል፣ ኮምፒውተሬ ደግሞ ይጎተታል። ባዮስ የሚባለው የኮምፒውተሩ የውስጥ ማስተካከያ ገባሁና የራሙን፣ የጊዜያዊ ማስታወሻውን፣ ፍጥነት ከ3200 ወደ 3800 ሰቀልኩት። ያ አልበቃኝ ብሎ፣ ራሙ ታዝዞ እስኪመልስ የሚቆይበትን ቆጠራ ከ16 ወደ 14 አወረድኩት። አሩጠው፣ ትንፋሽም ንሳው እንደማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳልኝ አጨበጨብኩ! ልፈትነው እንኳ አላሰብኩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል? ቪዲዮሽ ተቆርጦ ሲወጣ ሙሐሲን «ወላሂ የካሜራዬ ካርድ ደህና ነው!» ብሎ ማለልኝ። «ካሜራህ አርጅቷል» ብዬ ዝም አሰኘሁት። በልቤ ግን ማሽኔን እጠረጥር ነበር፤ ኩራቴ አላናግር አለኝ እንጂ።

አባባ ባረፉ በአርባቸው ደውለሽ «ድምፃቸውን እንኳ ብሰማ» ብለሽ አለቀስሽ። በነጋታው ሙሐሲን ጋ የተቀመጠውን ዋናውን ቀረጻ ለምኜ ወሰድኩ። ሦስት ጊዜ አቀናብሬ አወጣሁት፣ ሦስቴም ተቆረጠ፣ ግን በየጊዜው ሌላ ቦታ ላይ! የተበላሸው ቀረጻው ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ይቆረጥ ነበር። የሚሳሳተው የእኔው ራም ነው።

ወደ ፋብሪካው ልክ መለስኩት፤ ቪዲዮው ሳይነካ ወጣ። ከዚያ እንደ ባለሙያ ጀመርኩ፦ አንድ ደረጃ መጨመር፣ መፈተን፣ እንደገና መጨመር። 3600 ላይ ቆጠራውን ወደ 18 አላልቼ ቀኑን ሙሉ ፈተንኩት፤ አንዲት ስህተት የለም። አሁን በዚህ ከተማ ከእኔ የሚፈጥን ማሽን ያለው ካለ ይምጣ!

ሙሐሲንንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «እኔ አፉ ብያለሁ፤ ካሜራዬን ግን አንቺው ለምኛት» አለኝ፣ ቀልደኛው።

ቪዲዮው ያለበትን ፍላሽ ኸዲጃ ይዛልሽ ሪያድ ትመጣለች። ብቻሽን ሆነሽ እዪው። አባባ «የረገጥሽው ይለምልም፣ የያዝሽው ይባረክ» ብለው፣ አሜን ከተባለ በኋላ፣ ካሜራው አጠገብ ወደቆምኩት ወደ እኔ ይዞራሉ። «አንቺ ልጅ፣ ይዘሽልኛል? ይቺ እኮ ሩቅ አገር ነው የምትሄደው» ይላሉ። «ይዣለሁ አባባ» የሚለው ድምፅ የእኔ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሽቻቸው ነበር። ዛሬ ግን ይዣለሁ።

ሰርካለም